ከቅጥሩ ውጭ የዋልኩበት ንግሥ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ካቻምና በጥር ወር፣ የማርያም ንግሥ ዕለት ነው። ሰው ከንግሥ ሲመለስ ታቦቱ ሲወጣ ስላየው ነገር ያወራል። እኔ ያን ዕለት ታቦቱን ያየሁት ከሩቅ፣ በሰው ትከሻ መሃል አንገቴን አስግጌ ነው። ነገር ግን በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ቀን የተደረገልኝ የለም። እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል።

የምኖረው ይጁቤ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሠርግ ቀሚስ፣ አልፎ አልፎም የካህናት ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ይበልጣል የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ በዚያ ላይ ዲያቆን ነው። የተጋባነው በቁርባን ነው። ይህን የምነግራችሁ ለጌጥ አይደለም። በቁርባን ያገባ ዲያቆን ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ላግባ ቢል ክህነቱን ያጣል። እኔና እሱ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ አልወለድንም።

በእነዚያ ዓመታት ያልሰማሁት ነገር የለም። ሰፈሩ መጀመሪያ «ገና ናቸው» አለ። ቀጥሎ «ምን ነክቷቸው ይሆን?» አለ። በመጨረሻ ዝም አለ፤ ዝምታው ደግሞ ባሰ። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ እንኳ ልጇን አቅፋ ስትገባ ጥፋት እንደሠራች ሰው ትሽኮረመም ነበር።

አማቴ እትዬ ጥሩ ክፉ ሴት አይደሉም። ግን ያላቸው ልጅ ይበልጣል ብቻ ነው። አንድ ቀን እኔ ጓዳ መሆኔን ሳያውቁ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ዘሩ ከሚቀር ክህነቱ ይቅርበት» አሉ። እያለቀሱ ስለነበር የተናገሩት መቆጣት እንኳ አቃተኝ።

እኔም በልቤ ወስኜ ነበር። በዚያ ዓመት ካልሆነ «ሂድ፣ ሌላ አግባ፣ ውለድ» ልለው። እሺ እንደማይለኝ አውቃለሁ። እሺ ቢለኝ እሱን ላጣ፣ ክህነቱንም ላሳጣው፤ እሺ ባይለኝ በእኔ ምክንያት ዘሩ ሲቋረጥ እያየሁ ልኖር። ሁለቱንም ማሰብ ያመኝ ነበር።

ሕክምና አልሄዳችሁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሄደናል። እሱም ተመረመረ፣ እኔም ተመረመርኩ። «ምንም የለባችሁም፣ ታገሡ» ተባልን። ሐኪሙ የወር አበባሽ በትክክል ይመጣል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ «አዎ» ብዬ መለስኩ። እውነቱ ትንሽ ሌላ ነበር። ዋናው ከሄደ በኋላ፣ ወሩ እኩሌታ ላይ፣ ጠብ የምትል ደም አለችብኝ። አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ታይታ ትጠፋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለነበረች ብርቅ አልሆነችብኝም። እናቴም «በወር ሁለቴ የሚመጣባት ሴት አለች፣ አንቺም እንደዚያ ነሽ» ብላኝ ነበር። ይህን ለወንድ ሐኪም ዘርዝሮ መንገር ደግሞ አሳፈረኝ።

አሁን የእኛን ቤት ሥርዓት ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። በአደፍ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ጸበል አትጠመቅም፣ ሰባት ቀን እስኪሞላም ከባሏ ጋር አትተኛም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ቤት ግን ደሙ ሲቆም ነገሩም ያበቃል። እኛ ቤት ቀልድ የለም። ይበልጣል የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ የወር አበባን እንኳ የሚጠራው በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ «ልማደ አንስት» ብሎ ነው። «መጣ» ካልኩት ትራሱን ብብቱ ሥር ያደርግና ወደ መደቡ ይሄዳል። ሰባት ቀን ሳይሞላ ሰማይ ቢደፋ አይመለስም። ጠብታም ሆነ ጎርፍ ለእሱ ያው ደም ነው።

ስለዚህ በወር ሁለት ጊዜ ሰባት ሰባት ቀን ተለያይተን እናድራለን። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። በመሃል ደግሞ የእሱ ሰሞን ይደርሳል፤ የቅዳሴ ተራው ማለቴ ነው። ተራው በሆነበት ሳምንት የሚያድረው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ትልልቆቹን አጽዋማት ገና አልቆጠርኩም። አንዲት ጓደኛዬ «እናንተ እኮ ከመነኮሳት የምትለዩት ቆብ ስለሌላችሁ ብቻ ነው» ብላ ትስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ከዚያ አልፎ ማን ያስበዋል?

ያን ዓመት ጸበል ልጠመቅ ተነሣሁ። ቦታው ከይጁቤ በሚኒባስ ተሂዶ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር የሚወረድበት የገጠር ማርያም ነው። ጸበሉ መካን ያስወልዳል ይባላል። ይበልጣል በደብሩ አገልግሎት ስለነበረበት ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር በዋዜማው ሄድን። እዚያው አክስቷ ቤት አደርን። በንግሡ ማለዳ ልጠመቅ ነው።

ጠዋት ልብሴን ስለብስ አየኋት። ያቺ ጠብታ።

አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። «እዚህም ተከትለሽኝ መጣሽ?» አልኩ፤ ደሟን ነው እንደ ሰው የተቆጣኋት። እውነቱን ለመናገር ማርያምንም ተቀየምኳት። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ከደጇ ላይ ስትመልሰኝ ምን ልበል? ጎረቤቴ ከንፈሯን መጠጠችልኝና ወደ ጸበሉ ወረደች። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቀረሁ።

ከቅጥሩ ውጭ የምንቀር ሴቶች በየንግሡ አለን። ወይራው ሥር ነጠላችንን ተከናንበን፣ ክፍል እንዳይገባ እንደተቀጣ ተማሪ ተደርድረን እንቀመጣለን። አንዷ አራስ ናት፣ አንዷ እንደኔ ናት፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ከጎኔ የከተማ ሰው የምትመስል፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ተቀምጣ ነበር። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። እሷ ጸጥ ብላ ታዳምጣለች። እኔ ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ መሬቱን በጭራሮ እጭራለሁ።

«መሬቷ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። አፌን የፈታው ሳቁ ይመስለኛል። ለማላውቃት ሴት፣ ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ፣ ከሠርጌ ጀምሬ ዘረገፍኩላት። ልጅ ማጣቴን፣ አማቴ ሲናገሩ የሰማሁትን፣ ባሌን ልለቀው መወሰኔን ነገርኳት። ለእናቴ ያልነገርኩት ነበር። ዳግመኛ አላገኛትም ብዬ ሳይሆን አይቀርም የደፈርኩት።

«ዛሬ ደግሞ ልጠመቅ መጥቼ ይኸው» አልኳት። «የኔ በወር ሁለቴ ነው የሚመጣው። የዛሬዋ ያቺ ትንሿ ናት።»

ወደኔ ዞር አለች። «ትንሿ ማለት?»

«ጠብታ ናታ። ታይታ ትጠፋለች።»

«መቼ መቼ ነው የምትታየው?»

«ወሩ እኩሌታ ላይ። ሁልጊዜ።»

«በዚያ ሰሞን እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ፈሳሽስ አለሽ?»

ፊቴ በሐፍረት ጋለ። ወዲያ ወዲህ አየሁ፤ አራሷ ልጇን ታጠባለች፣ የሰማን ሰው የለም። «አዎ» አልኩ በሹክሹክታ። «አንቺ በምን አወቅሽው?»

ስሟ ብርቱካን እንደሆነና ደብረ ማርቆስ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ እንደሆነች ያኔ ነገረችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ቅዳሴውን እንዳንረብሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። የሴት እንቁላል በወር አንድ ጊዜ ትወጣለች፤ ወጥታ የምትቆየው በጣም ለአጭር ጊዜ ነው። ሁሉም ሴት ላይ ባይሆንም አንዳንዷ ላይ እንቁላሏ በምትወጣበት ሰዓት እንዲህ ጥቂት ደም ጠብ ይላል። የወር አበባ አይደለም። ፅንስ የሚያዘውም በዚያው ሰሞን፣ በዚያ ቀንና ትንሽ ቀደም ብለው ባሉት ቀናት ነው።

«በነዚያ ቀናት ከባልሽ ጋር ናችሁ?» አለችኝ።

መደቡ ታየኝ። ይበልጣል ትራሱን ይዞ ሲሄድ ታየኝ። ያቺ ጠብታ በታየች ቁጥር «መጣ» ብዬ የምሸኘው እኔ ነኝ። ሰባቱን ቀን ጠብቆ ሲመለስ እንቁላሏ ሄዳለች። ከዋናው አደፍ ወጥቼ፣ ያቺ ጠብታ ሳትመጣ የሚተርፉትን ጥቂት ቀናት ደግሞ ጾሙና ሰሞኑ ይወስዷቸዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ በሩ ሲከፈት እየወጣን፣ ሲዘጋ እየገባን ኖረናል ማለት ነው።

የቤታችንን ሥርዓት ስነግራት አልሳቀችብኝም። «እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ እኮ» አለች። «የማንም ጥፋት አይደለም፤ የነገራችሁ ሰው የለም። ግን እኔ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የነገርኩሽን ብቻ ይዘሽ እንዳትቀሪ። እንዲህ ያለ ደም ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ማርቆስ ነዪና ታዪ። ለሐኪሙም ሳታፍሪ ሁሉንም ንገሪው።» ስልኳን ሰጠችኝ።

ልክ ያኔ ታቦቱ ወጣ። እልልታው ቀለጠ። ተነሥተን እዚያው ከቅጥሩ ውጭ ሰገድን። ግንባሬ መሬት ላይ እንዳለ አንድ ነገር መጣብኝ። ያቺ ጠብታ ያን ጠዋት ባትመጣ ኖሮ እኔ አሁን ጸበል ቤት ነበርኩ። ከዚህች ሴት ጎን አልቀመጥም ነበር። ማርያም ከደጇ የመለሰችኝ መስሎኝ ተቀይሜ፣ ለካስ መቀመጫ ነው የሰጠችኝ። መላ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ብርቱካን የበረደኝ መስሏት ጋቢዋን ጫነችልኝ።

በሳምንቱ ማርቆስ ሄድኩ። ብርቱካን ራሷ ተቀብላ ወደ ሐኪም አስገባችኝ። አልትራሳውንድ ታየሁ፣ ደም ሰጠሁ። የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም። ሐኪሙም ወይራው ሥር የሰማሁትን ያንኑ ደገመልኝ።

ከባዱ ነገር የጠበቀኝ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይበልጣልን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ «ደም ግን ደም ነው» አለ።

«አይ አንተ ሰውዬ! የወር አበባ አይደለም ተባልኩ እኮ!»

«እኔ በማላውቀው ሥርዓት አልፈርድም» አለ። «አባታችን ይወስኑ።»

የንስሐ አባታችን ቄስ ዋለልኝ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሄደን ተቀመጥን። ባለቤቴ ቅኔ ሲቀኝ አፉ የማይያዝ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን «አባታችን፣ ይህ የልማደ አንስት ነገር... ማለቴ በወሩ እኩሌታ...» ብሎ ቀረ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። አላስችል ቢለኝ እኔ ተቀበልኩትና እንዳለ ነገርኳቸው፤ ጠብታዋንም፣ ሰባቱን ቀንም፣ ሐኪሙ ያለውንም። ስለ እንቁላሏ ሳወራ ይበልጣል ጣሪያውን ያያል።

ቄስ ዋለልኝ ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጡን። «ሐኪሙ የወር አበባ አይደለም ብሎሻል?» አሉኝ።

«ብሎኛል፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ሰባት ቀን የተባለው ለዚያኛው ነው። መቅደስ ግን ደም እያየሽ አትግቢ ልጄ፤ ከውጭ ሆነሽ ጸልዪ፣ ይሰማሻል።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ሰሞንህን ከሌላው ዲያቆን ጋር ተለዋወጥ፤ ለደብሩ አለቃ እኔ እነግራለሁ። ጾሙን ጠብቁ። እግዚአብሔር ለባልና ለሚስት የሰጠውን ቀን ግን አንተ ከየት አምጥተህ ነው የምትከለክለው?»

ይበልጣል ጉልበታቸውን ስሞ ተነሣ። ደጃችን ስንደርስ ቆመና «ስድስት ዓመት» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ራሱን መውቀስ እንዳይጀምር ፈራሁና «ይልቅ ገብተህ ትራስህን ከመደቡ አንሣ» አልኩት። እንባው ሳይደርቅ ሳቀ።

ወዲያው አልሆነም። መጀመሪያ ላይ የሞከርነው አለፈ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ጠበቅነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ያቺ ጠብታ በዚያ መሃል ስትመጣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እንግዳ በደስታ ተቀበልኳት።

ቀጥሎ መምጣት የነበረበት የወር አበባዬ ቀረ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሆኖ አንድ የዩኒፎርም ሱሪ ሁለቱንም እግር ገጥሜ ሰፍቼ ፈታሁት። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩ። አለ ተባልኩ። በቀጥታ ይበልጣል ትምህርት ቤት ሄድኩና ከክፍል አስጠራሁት። ጠመኔውን እንደያዘ ወጣ። በጆሮው ነገርኩት። እዚያው፣ ግቢው መሃል፣ በደህና ሱሪው ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ተማሪዎቹ በመስኮት ተንጋግተው ያዩት ነበር።

ብርቱካንን ደውዬ ስነግራት በስልክ እልል አለች። ከዚያ በኋላ በየጊዜው እየደወለች ምን እንደምበላ፣ መቼ እንደምታይ ትነግረኝ ነበር። የመውለጃዬ ሰሞን መንገዱ ተዘጋና ማርቆስ መሄድ አልቻልኩም፤ እዚሁ ይጁቤ በሰላም ተገላገልኩ። ሴት ልጅ። እትዬ ጥሩ ታቅፈዋት ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። የእኔን እጅ ሳሙ፤ አማት የምራትን እጅ ስትስም አይቼ አላውቅም።

ልጄ መቀመጥ ስትጀምር፣ መንገዱም ደህና ሲሆን፣ ብርቱካንን ላመሰግን ማርቆስ ቤቷ ሄድኩ። ዕረፍት ላይ ነበረች። ልጄን ከእጄ ተቀብላ፣ አንድ ጊዜም ሳታስለቅሳት ልብሷን ቀየረችላት። ስንት ሺህ ልጅ በእጇ እንዳለፈ ያስታውቃል።

«የአንቺዎቹስ? ትምህርት ቤት ናቸው?» አልኳት።

«የእኔ?» አለች። «እኔ ገና ነኝ።»

አልገባኝም። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ የልጄን ጸጉር በጣቷ እያስተካከለች ነገረችኝ። ካገባች ከእኔ የበለጠ ጊዜ ሆኗታል። ለሌላ ሴት የምትነግረውን ሁሉ ለራሷ አድርጋዋለች፤ ሕክምናውንም እየተከታተለች ነው፣ እስካሁን ግን አልሆነም። ያን ዕለት ወደ ንግሡ የመጣችውም ልትጠመቅ ነበር። ጠዋት ላይ የወር አበባዋ መጣባት።

«የኔ እንዳንቺዋ ጠብታ አልነበረም» አለች። «ዋናው ነው።»

ዓይኖቿ ያን ጠዋት ቀልተው እንደነበር ትዝ አለኝ። የመንገዱ አቧራ ነበር የመሰለኝ። እኔ መሬቱን እየጫርኩ ስነጫነጭ፣ የእሷ የዚያ ወር ተስፋ የተቆረጠው ገና ያን ማለዳ ነበር። እኔን ያናደደኝ ደም በር እየከፈተልኝ ነበር። እሷን ያስቀራት ደም በር ዘግቶባታል። ሁለታችንም አንድ ወይራ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠናል። ይህን እያወቀች ነው የእኔ በር ክፍት መሆኑን የነገረችኝ፤ በደስታ፣ ቅር ሳይላት።

«እንዴት ቻልሽው?» አልኳት።

«የማውቀው ነገር ለኔ አልሠራልኝም» አለች። «ላንቺ እንደሚሠራ ሲገባኝ ዝም ልበል?»

አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ልጄን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ «ቀስ በይ፣ ታስደነግጫታለሽ» አለችኝ። ስወጣ የክርስትና ስሟን ጠየቅኋት።

ሰውነቴ ይህን የሚያህል ምስጢር ይዞ፣ በየወሩ ምልክት እየሰጠኝ፣ እኔ ሳላውቅ መኖሬ ዛሬም ይገርመኛል። ከዚያ ይልቅ የምትደንቀኝ ግን ብርቱካን ናት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ያን ቃል እናገረው ነበር? አላውቅም። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄ መልሱን ፈርቼዋለሁ።

አሁን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ልጄን አዝዬ ነው። ስጸልይ ግን የልጄን ስም አላስቀድምም። መጀመሪያ የብርቱካንን የክርስትና ስም እጠራለሁ። «እመቤቴ» እላለሁ፣ «አሁን ተራው የእሷ ነው።»